ከምሳ በፊት አሸነፍን

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬም በረዶ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። እግሬ ደንዝዞ ክፍል ስገባ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን ይሁን? የአሜሪካ መንግሥት። እዚያው በረዶው ላይ ቆሜ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ሚስ ፋርንሃም ስለ ሴኔት ያስተምራሉ። የአብላጫው መሪ የራሱ ሕግ ሊወድቅበት መሆኑን ካየ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዞሮ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ድምፅ ይሰጣል አሉን። የራሱን ሕግ ተቃውሞ! ለምን? ደንቡ ነዋ። ያለቀ ጉዳይ "እንደገና ይታይልኝ" ማለት የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለይምሰል ከአሸናፊዎቹ ጋር ይቆምና፣ ሌላ ቀን ሰዉን ቆጥሮ መልሶ ያነሳዋል።

ሳቅ አመለጠኝ። ምኑ ነው ያሳቀሽ አሉኝ። ትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ያስቃል አልኳቸው። ክፍሉ አውካካ። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም... ደንብ የማያውቅ በሚያውቅ ይበላል ብለው ወደ ሰሌዳቸው ዞሩ።

የቤት ሥራ፦ መንግሥት ለእኔ ምንድን ነው? ሁለት ገጽ። ምን ብዬ ልጻፍ? ተጣልተው ቢሯቸውን የሚዘጉ፣ ዘግተው ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው የሚፎክሩ ሰዎች ናቸው ልበል? ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው ሊሸነፍ የሚችልበት ምርጫ ነው ልበል? በሚቀጥለው ወር አሥራ ስምንት ይሞላኛል። ድምፅ ስጪ ሊሉኝ ነው። ለማን? አልሰጥም። ከዚህ ኮረብታ ላይ ብጮህ ዋሽንግተን ምን ትሰማኛለች...

ባዶ ወረቀት ላይ ስሜን ጽፌ አስረክባለሁ። ዜሮ ይስጡኝ።


ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

ከከተማው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። እማዬ ሁለቴ አነበበችውና ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ማርች 10 በሚደረገው፣ መራጩ ሁሉ ተሰብስቦ በሚወስንበት ዓመታዊ የከተማ ጉባኤ፣ አንቀጽ 14፦ የኮርሊስ ኮረብታ መንገድ ከከተማው ጥገና ይውጣ። የእኛ መንገድ! በሰው ቋንቋ ሲነገር... በረዶ ጠራጊው አይወጣም። እሱ ካልወጣ አውቶቡሱም አይወጣም። አምቡላንስም አይወጣም። መንገዱ ካርታ ላይ ይኖራል፤ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ግን መንገድ የለም።

አራት ቤት ነን ኮረብታው ላይ። እኛ፣ ከእኛ በላይ ሚስተር ፓይክና ሚስታቸው፣ ከታች ሚስስ ዶይል፣ ጫፍ ላይ በበጋ ብቻ የሚመጡ የቦስተን ሰዎች። እማዬ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ትገባለች። ሚስስ ፓይክ ሳንባቸው ታሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። በዚህ ክረምት ብቻ ሁለቴ አምቡላንስ ወስዷቸዋል።

ሸጠን እንሂድ አለች እማዬ። ማን ይገዛዋል? መንገድ የሌለው ቤት ማን ይገዛል?

ይህን ያመጣው ብሩስ ኬለም ነው፤ ከሦስቱ የከተማው አስተዳዳሪዎች ዋናው። መንገዱ በየጸደዩ በጎርፍ ይታጠባል፣ ለአራት ቤት ተብሎ ከተማው በሙሉ ይከፍላል ነው የሚለው። ውሸት አይደለም እኮ። እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ዋሽንግተን አትሰማኝም ብዬ ነበር። ሃርሎውም አትሰማኝም ማለት ነው? ሁለት ሺህ ሰው እንኳ የማይሞላባት የኒው ሃምፕሻየር ከተማ? እናያለን።


ፌብሩዋሪ 8፣ እሑድ

ሚስተር ፓይክ ቤት ሄድኩ። እማዬ አትሂጂ ብላኝ ነበር። ከእሳቸው ጋር ከተኮራረፈች አምስት ዓመት አልፏታል። በዚያ ሰሞን፣ ለፕሬዝዳንት ምርጫው፣ የእሷን እጩ ስም የያዘው ሰሌዳ ደጃፋችን ላይ ወድቆ ተገኘ። ፓይክ ነው የጣለው አለች። በረዶ ጠራጊው ነው የጣለው አሉ እሳቸው። በቃ፣ በዚያው ቀረ። የእሳቸው እጩ ባንዲራ እስከ ዛሬ ጭነት መኪናቸው ላይ ይውለበለባል፤ እሷም ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አፍጥጠውበታል። መንግሥት አነስ ሲል ጥሩ ነው አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሚሉት ነገር ስለሆነ ከአፋቸው የወጣው ሳያስቡት ይመስለኛል።

"በረዶ ጠራጊውም መንግሥት ነው እኮ፣ ሚስተር ፓይክ።"

ከጓዳ የማሽኑ ትንፋሽ ይሰማል።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን ምላስ ከማን ነው የወረስሽው?"

"ከእማዬ።"

"ጠርጥሬ ነበር" አሉ።

ጉባኤው ላይ ማን ይናገር? እማዬ ሰው ፊት አትናገርም። እሳቸው ደግሞ ከተናገሩ ይቆጣሉ፣ ከተቆጡ ይሳደባሉ... ራሳቸው ናቸው ያሉት። ሚስስ ዶይል ጆሮዋ ከብዷል። ታዲያ ማን ቀረ?

ሚስስ ፓይክ ከጓዳ ሆነው "ልጅቷ ትናገር" አሉ። ትንፋሻቸው ለሌላ ቃል አልበቃም።


ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

አሥራ ስምንት ሞላኝ። ኬኩን ሳልቆርስ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ በመራጭነት ተመዘገብኩ። አልሰጥም ያልኩት እኔው አይደለሁም? እኔው ነኝ። ምን ይጠበስ!


ማርች 9፣ ሰኞ

ንግግሬን መስታወት ፊት ስድስቴ ተለማመድኩ። የሚሰጡት ሦስት ደቂቃ ነው። እማዬ የነገ ጠዋት ፈረቃዋን ከሰው ጋር ተቀያይራለች። ፓይክ አጠገብ ግን አልቀመጥም ብላለች። አትቀመጪ። የድምፅ መስጫ ካርድሽን ብቻ አንሺ።


ማርች 10፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

አሸነፍን! አሸነፍን፣ አሸነፍን!

የምጽፈው ሚስተር ፓይክ የሜፕል ዛፍ ውሃ አፍልተው ጣፋጭ ሽሮፕ ከሚያወጡበት ጎጆ ሆኜ ነው። እንፋሎቱ ወረቀቴን እያረጠበው ነው፣ አይገደኝም።

የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ጢም ብሏል። በሩ ላይ ሰማያዊ ካርድ ሰጡኝ፤ ድምፅ የሚሰጠው እሱን በማንሳት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሦስት አንቀጾች ተጎተቱ... ስለ እሳት አደጋ መኪናው ጎማ ብቻ አርባ ደቂቃ! ከዚያ አሥራ አራት። ብሩስ ተነስቶ በረጋ ድምፅ አስረዳ። ሰዉ እውነቱን ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ እኔ። የጻፍኩትን አላነበብኩም፤ ወረቀቱ በላቤ ርሶ ነበር። ዛሬ የእኛ አራት ቤት ነው አልኳቸው። ግን የየትኛውም መንገድ መጨረሻ ላይ እኮ ያለው አራት ቤት ነው። የሚቀጥለው የማን ነው? ሁሉም የየራሱን መንገድ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። የከብት እርባታ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

መንገዱ ይውጣ፣ 64። አይውጣ፣ 83።

እና ደግሞ... ብሩስ ኬለም ካርዱን ከእኛ ጋር አነሳ! ራሱ ያመጣውን አንቀጽ ተቃወመ! ስንት ክፉ ነገር ስለው ነበር፣ አፌን በቆረጠው። ንግግሬ ልቡን ነክቶት ነው ብዬ ሄጄ እጁን ጨበጥኩት፣ አመሰገንኩት። ፈገግ ብሎ፣ በይ ምሳሽን ብዪ አለኝ።

ምሳውን የመንደሩ ሴቶች ናቸው ያዘጋጁት። በአሳማ ሥጋ የተሠራ ቦሎቄ፣ ዳቦ፣ የፖም ፓይ። ከዚያ ሰዉ ተበተነ። ባለላሞቹ ወደ ላሞቻቸው፣ እማዬ ወደ ሥራዋ፣ እኔና ሚስተር ፓይክ ወደዚህ። የሜፕል ዛፎቹ ውሃቸውን የሚሰጡት አሁን ነው፣ ነገ አይባልም። የቀሩት አንቀጾች የመቃብር አጥር ምናምን ናቸው። ማን ይቆይላቸዋል?

ሚስተር ፓይክ ትኩስ ሽሮፕ በኩባያ ሰጡኝ። ምላሴ ተቃጠለ። ይቃጠል።


ማርች 10፣ እንደገና

ሚስስ ዶይል ደወለች። ምሳ ካበሰሉት ሴቶች አንዷ ስለሆነች ድስት ልታጥብ ቀርታ ነበር።

የመጨረሻው አንቀጽ እንዳለቀ ብሩስ ማይክሮፎን ይዞ ተነሳ፣ የኔም ጆሮ ሳይቀር ሰማው አለችኝ። "ከአሸናፊው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠሁ እንደመሆኔ፣ አንቀጽ 14 እንደገና እንዲታይ እጠይቃለሁ።" የእሱ ሰዎች ንቅንቅ ሳይሉ ቁጭ ብለው ነበር። ተነግሯቸው ነው የቆዩት። ሚስስ ዶይል እጇ ሳሙና እንደሆነ ከኩሽና ሮጣ ወጥታ ካርዷን አነሳች። 39 ለ12።

መንገዱ ወጣ።

ደንብ ተጥሷል ወይ? አልተጣሰም። ሰረቁን እንዳልል ማንም አልሰረቀንም። ምሳ በላንና ሄድን! ክፍል ውስጥ ተንፈቅፍቄ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ድብብቆሽ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ካርዱን ዓይኔ ሥር ሲያነሳ፣ ሚስ ፋርንሃም የነገሩን ሰውዬ መሆኑ እንዴት አልታየኝም? እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት እኮ... አመሰገንኩት!

ሚስተር ፓይክ እሳቱን አጠፉ። ያን ሁሉ ውሃ ሳይፈላ ተዉት። ለሚስታቸው ምን ብለው እንደሚነግሯቸው ጠየቁኝ። እኔን!

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንጩህ እንግዲህ።


ማርች 11፣ ረቡዕ

ቦርሳዬን ሳላወርድ ለሚስ ፋርንሃም ነገርኳቸው። የሌላ ከተማ ሰው ስለሆኑ ጉባኤያችን ላይ አልነበሩም። ነግሬሽ ነበር ይሉኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አላሉም። ካሸነፋችሁ በኋላ ተነስቶ "ይህ ውሳኔ ዛሬ እንደገና እንዳይታይ" ብሎ ያስቆለፈ ሰው ነበር ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አልነበረም። ሊቆለፍ እንደሚችልም አላውቅም ነበር። እማዬም አታውቅም። ሚስተር ፓይክ ሃምሳ ዓመት ጉባኤ ሄደዋል፣ እሳቸውም ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ወደ ሽሮፓቸው ነው።

ከመሳቢያቸው የግዛቱን የሕግ መጽሐፍ አወጡ። ገጹን በጣታቸው አሳዩኝ። ሃምሳ መራጭ ከፈረመ አስተዳዳሪዎቹ ልዩ ጉባኤ መጥራት አለባቸው። ወደዱም ጠሉም።

ማን ነው የሚያስፈርመው አልኩ። ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝ።

እሺ። ገባኝ።


ማርች 14፣ ቅዳሜ

በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። የእማዬ መኪና በዚህ ጭቃ ከደጃችን አትወጣም። የሚያልፈው የሚስተር ፓይክ ጭነት መኪና ብቻ ነው... ያ ባንዲራ ያለው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ባንዲራውን አየችው፣ ጭቃውን አየችው፣ ሰማዩን አየችው። ገባች። ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ፣ እኔ መሃል።

የመጀመሪያው ቤት ሰውየው ባንዲራውን በመስኮት አይቶ በሩን አልከፈተልንም። ሁለተኛው ቤት ሴትየዋ እማዬን አይታ፣ የምን ፖለቲካ አመጣሽብኝ አለቻት። ከዚያ በኋላ ዘዴ ፈጠሩ። ደጃፉ ላይ የፓይክ ወገን ምልክት ካለ እሳቸው ይወርዳሉ፣ የእማዬ ወገን ከሆነ እሷ ትወርዳለች። ምንም ምልክት የሌለው ቤት የእኔ። ሀገሩ ሁሉ እኮ በየደጃፉ ተከፋፍሏል። ግን አንዱም ቤት በረዶ አልወድም፣ ጠራጊ አይምጣብኝ አላለንም።

ስንመለስ እኔ መሃል ተቀምጬ እንደሌለሁ ቆጥረው...

"ሰሌዳሽን እኔ አልጣልኩትም።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"በዓመቱ። በረዶ ጠራጊው የፖስታ ሳጥናችንን ሲጥለው።"

"ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ዘጋሽኝ?"

"ባንዲራህ አለ እኮ።"

ሚስተር ፓይክ መሪውን ይዘው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ፊቷን አላዞረችም።

ሠላሳ አንድ ፊርማ።


ማርች 18፣ ረቡዕ

ሃምሳ ሰባት! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ አስረከብኩ። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ ከመዝገብ ጋር አመሳከረች። ብሩስ ኬለም ከውስጥ ክፍል ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። ክፉ ፊት አላሳየኝም። ይልቅ የደከመው መሰለኝ። እኔ ደንቡን ነው የተከተልኩት አለ። አውቃለሁ፣ እኔም እሱኑ እየተከተልኩ ነው አልኩት።

"ልጄ፣ ሴፕቴምበር ላይ ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ነው። በማትኖሪበት መንገድ ምን ያደክምሻል?"

"ልዩ ጉባኤው ኤፕሪል ላይ ነው፤ ያኔ ግን እዚህ ነኝ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኝነቴን ማርች 10 አስመስክሬአለሁ። ወረቀቱንም ይኸው ይዣለሁ። ይሞክሩኝ።


ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

ልዩ ጉባኤው ዛሬ ነበር። ከአራት ሰዓት ጀምሮ።

ስንሄድ ጭነት መኪናው ውስጥ እማዬና ሚስተር ፓይክ መንገዱን ሙሉ ስለ ፕሬዝዳንቱ ተጨቃጨቁ። እሷ እንዲህ ስትል እሳቸው እንዲያ፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር። አንዳቸውም ኢምንት አልተለወጡም። ሚስስ ፓይክ ከኋላ፣ በእማዬ መኪና፣ ሚስስ ዶይል እየነዳች፣ ከነኦክስጅን ጠርሙሳቸው መጡ። በአምቡላንስ ካልሆነ ከቤት ሲወጡ ከገና ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ጎማ ባለው ጋሪ ጠርሙሱን እየጎተቱ አዳራሹን አቋርጠው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ከማርች ይልቅ ዛሬ ብዙ ሰው አለ። ብሩስ ያንኑ ተናገረ፣ በዚያው በረጋ ድምፅ። እኔ እጄን ሳነሳ ሚስተር ፓይክ ቀድመውኝ ተነሱ። ደነገጥኩ... ሊሳደቡ ነው! እማዬም እጄን ጨበጠችኝ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ሃምሳ ዓመት ሙሉ መንግሥት ይነስ ስል ሰምታችሁኛል። አሁንም ይነስ እላለሁ" አሉ። "ግን ሚስቴ ትንፋሽ ሲያጥራት እኔ የምደውለው ለእናንተ ነው። የምትመጡት በዚያ መንገድ ነው።"

ተቀመጡ። አንድም ስድብ የለም። ለእኔ የተረፈ ነገር አልነበረም፤ እደግፋለሁ ብቻ አልኩ።

ወደ ጥገና ይመለስ፣ 141። አይመለስ፣ 96።

ጮቤ ልረግጥ ነበር። ግን የብሩስን እጅ ነው ያየሁት። ካርዱን ከእኛ ጋር አንስቶ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከወንበሬ ተነሳሁ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ውሳኔ እንደገና እንዳይታይ ሐሳብ አቀርባለሁ" አልኩ። እደግፋለሁ የሚለው ድምፅ ከአሥር ቦታ መጣ። አለፈ። ብሩስ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። ንዴት ይሁን አክብሮት አላወቅኩም፣ ማወቅም አልፈልግም።

አልቆ ነበር እኮ። ተቆልፏል። የቀረው ለመረጃ ያህል የሚነበብ ሪፖርት ብቻ ነበር፤ የመንገድ ጨው ስለሚከማችበት መጋዘን ጣራ። ግማሽ ሰዓት! ሰውየው ቀስ ብሎ ያነባል፣ ገጽ ይገለብጣል፣ ይስላል። ከኩሽናው የቦሎቄው ሽታ ይመጣል። የሴቶቹ ትሪ ሲንኳኳ ይሰማል። ባለላሞቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ከኋላዬ አንድ ሕፃን ራበኝ ብሎ አለቀሰ፤ እናቱ ብስኩት አፉ ውስጥ ከተተችለትና ዝም አለ። የሚስተር ፓይክ ዛፎች የመጨረሻ ውሃቸውን እየሰጡ ነው፣ ነገ ሊነጥፉ ይችላሉ። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ስለ ጣራው ያዳምጣሉ።

አንድ ሰው አልተነሳም። አንድ!

ሰብሳቢው ሪፖርቱ አለቀ አለ። ሌላ ነገር ያለው አለ ወይ አለ። የለም። ጉባኤው ተዘግቷል ብሎ መዶሻውን መታ፣ ወረቀቱን ሰበሰበ፣ መነጽሩን አወለቀ። ቀና ሲል ሁላችንም እንደተቀመጥን ነን። ግራ ገብቶት አየን።

ሚስስ ፓይክ ጠርሙሳቸውን ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ "ተዘጋ?" አሉት።

"ተዘግቷል፣ ሚስስ ፓይክ።"

ያኔ ተነሳን።